ከግዢው በፊት የሚፈረም ወረቀት

ጥያቄ

በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኔትወርክ አስተዳዳሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሠራተኞቻችን ከ400 ይበልጣሉ። ከሰባት ወር በፊት አዲስ የሳይበር ደኅንነት ክፍል ተቋቁሞ ኃላፊ ተደረግሁ። ሁለት ባለሙያዎች አሉኝ፤ ተጠሪነቴ ለአይቲ ዳይሬክተሩ ነው። አጥቂ ሊገባበት የሚችል ክፍተት የሚፈትሽ ሶፍትዌር ስናስገባ ከ9,000 በላይ ክፍተት አወጣልን። ዝርዝሩን በየሳምንቱ ለየክፍሉ እልካለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም። ሠራተኛውን ለመፈተን ብለን የማጭበርበሪያ ኢሜይል አስመስለን ስንልክ ደግሞ ሊንኩን ከነኩት መካከል የፋይናንስ ኃላፊዋ ነበሩ። ስማቸው ባሰራጨሁት ሪፖርት ላይ በመውጣቱ እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል። አሁን በሁለት ወር ውስጥ ለቦርዱ ዕቅድ አቅርብ ተብያለሁ። ሎጎችን (ሲስተሞቹ የሚመዘግቧቸውን ክንውኖች) ሁሉ አንድ ቦታ የሚሰበስብ ትልቅ የክትትል ሲስተም ይገዛልኝ ብዬ ልቅረብ? ወይስ ከየት ልጀምር?

አዲሱ ኃላፊ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

የክትትል ሲስተሙን ግዢ ይዘው ቦርድ ፊት አይቅረቡ። ሲስተሙ ማስጠንቀቂያ ያወጣል እንጂ አንብቦ እርምጃ አይወስድም፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቀምጦ የሚያነብልዎ ሰው ደግሞ የለዎትም። ሒሳቡን ይሥሩት፦ ሳምንት 168 ሰዓት አለው፣ አንድ ሰው የሚሠራው 40 ሰዓት ነው። አንዲት ወንበር ቀንና ሌሊት ሰው እንዳይጠፋባት ብቻ ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል፤ የዓመት ፈቃድና ሕመም ሲጨመር አምስት ወይም ስድስት። እናንተ ሦስት ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ታርጌት የተባለው የአሜሪካ የችርቻሮ ኩባንያ የ40 ሚሊዮን ያህል ካርዶች መረጃ ሲዘረፍበት መከታተያው አስጠንቅቆ ነበር፤ በጊዜው ተነሥቶ እርምጃ የወሰደ ግን አልነበረም። ክትትል የግድ ነው ከተባለ፣ ሌሊቱን በፈረቃ የሚጠብቅ የውጭ ድርጅት መቅጠር ለእርስዎ ዓይነት ክፍል ከግዢው ይሻላል። እሱም ቢሆን ተራው ገና ነው።

ዋናው ችግር ከደብዳቤዎ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የድርጅቱ አደጋ ሁሉ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ተከምሯል፤ አደጋውን የሚቀንሰው ሥልጣን፣ ገንዘብና የሰው ኃይል ግን በሌሎች እጅ ነው። ኃላፊዎቹ ዝም የሚሉዎት በንቀት አይመስለንም። የላኩላቸው ወረቀት የእነሱን ሥራ በስሙ አይጠራውም፣ ምን እንዲወስኑም አይጠይቃቸውም። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ወራት ከሁሉ በፊት የሚሠሩት ሥራ አደጋውን ለባለቤቱ በፊርማ ማስረከብ ነው።

መነሻው የድርጅቱ ሥራ ነው። የክፍል ኃላፊዎችን አንድ በአንድ፣ ለእያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ይዘው ያነጋግሩ። ስለ ቫይረስም ስለ ሀከርም አያንሡ። ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ክፍልዎ ከሚሠራቸው ሥራዎች ቢቆም ቶሎ የሚጎዳችሁ የትኛው ነው? ከስንት ሰዓት በኋላ ነው የማይቻል የሚሆነው? ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቢጠፋ የስንት ሰዓት መረጃ በእጃችሁ መልሳችሁ ማስገባት ትችላላችሁ? የሁለተኛው መልስ ሲስተሙ በስንት ሰዓት ውስጥ ተመልሶ መነሣት እንዳለበት፣ የሦስተኛው ደግሞ ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) በየስንት ሰዓቱ መወሰድ እንዳለበት ይነግርዎታል። አብዛኛው ኃላፊ መጀመሪያ «ለደቂቃም መቆም የለበትም» ይላል። አይከራከሩ። «ባለፈው ሲስተሙ የተቋረጠ ቀን ምን አደረጋችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መኪኖቹ በስልክና በወረቀት ግማሽ ቀን ተሰማርተው ከነበረ እውነተኛው ቁጥር እዚያ ነው ያለው። ከንግግሮቹ ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ወሳኝ ሥራዎች ይወጣሉ። ሃያ ከወጡ ገና አልመረጡም ማለት ነው።

ቀጥሎ የተባለውን መሬት ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። ለዚህ ባክአፕን በእውን መልሶ ማስነሣትን የሚያህል ሙከራ የለም፤ ወጪውም ለሁለት ሰዎች የአንድ ቅዳሜ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቢሆን ነው። የጭነት ማሰማሪያ ሲስተሙን ይምረጡ። ከዋናው ኔትወርክ የተለየ ባዶ ሰርቨር ያዘጋጁና እያንዳንዱን እርምጃ ከነሰዓቱ ይመዝግቡ። ደንቡ አንድ ነው፦ ሥራ ላይ ካለው ሲስተም ምንም ነገር መዋስ አይቻልም፤ አንዲት ፓስወርድም ብትሆን።

ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ይህን ይመስላል። ባክአፑ የተቆለፈበት ቁልፍ ያለው ፓስወርድ ማስቀመጫው ውስጥ ነው፤ ማስቀመጫው ደግሞ «ጠፍቷል» በተባለው ሰርቨር ላይ ተጭኗል። ቁልፉ እንደምንም ሲገኝ ዳታቤዙ ይመለሳል፤ ፕሮግራሙ ግን ላይሰንሱን ከሌላ ሰርቨር ስለሚጠይቅ አልነሣም ይላል። ላይሰንሱ ሲፈታ ማንም መግባት አይችልም፤ ተጠቃሚን የሚያረጋግጠው ዶሜይን ኮንትሮለሩ ነውና እሱን ባክአፕ ውስጥ ያስገባው የለም። በዚህ ሁሉ ላይ የመስመሩ ፍጥነት አለ። 8 ቴራባይት ዳታ በ1 ጊጋቢት መስመር ሲመለስ፣ መስመሩ ሙሉ ፍጥነቱን ሳያጓድል ቢሰጥ እንኳ ወደ 18 ሰዓት ይፈጃል። የሥምሪት ኃላፊው «አራት ሰዓት» ብለውዎት ከነበረ፣ በአራትና በ18 መካከል ያለው ክፍተት የዕቅድዎ የመጀመሪያ መስመር ይሁን። 9,000ውን መስመር ያወጣው ሶፍትዌር ይህችን ቁጥር አያውቃትም።

በዚያው ቀን የባክአፕ ሰርቨሩን ራሱን ይፈትሹ። የድርጅቱ ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹ በአንድ አስተዳደር ሥር የሚገቡበት ሥርዓት) ውስጥ የገባ ከሆነ፣ የዶሜይን አድሚን (አስተዳዳሪ) ፓስወርድ እጁ የገባ አጥቂ ሌላውን ሳይነካ በፊት ባክአፑን ያጠፋል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከድርጅቱ ውጭ የሚለው የቆየ ደንብ ዛሬም ይሠራል፤ አንድ ነገር ግን ይጨመርበት፦ ከቅጂዎቹ ቢያንስ አንዱ ማንም አድሚን ሊሰርዘው የማይችል ወይም ከኔትወርክ የተነቀለ ይሁን። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የመርከብ ኩባንያውን መርስክን ሲመታ፣ በየአገሩ የነበሩት ዶሜይን ኮንትሮለሮች በሙሉ ተደመሰሱ። የተረፈው ጋና የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ ጥቃቱ ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ከመስመር ውጭ ስለነበር። ኩባንያው ኪሳራውን እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። የመብራት መጥፋት ካልረዳዎት እናንተ ዘንድ ምን እንደሚተርፍ ቅዳሜ ዕለት ያውቁታል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንምጣ። በየሳምንቱ መላኩን ያቁሙ። ከ9,000ው ብዙው ድግግሞሽ መሆኑ አይቀርም፤ አንድ ያረጀ ብሮውዘር 300 ላፕቶፕ ላይ ካለ ፈታሹ በሺህ የሚቆጠር መስመር ያወጣለታል፣ መፍትሔው ግን አንድ አፕዴት ነው። ስለዚህ በክፍተት ብዛት ሳይሆን በመፍትሔ ይደርድሩት፤ ያኔ ሺዎቹ ወደ ጥቂት መቶ ይወርዳሉ። የቀረውን በሦስት ጥያቄ ያጥሩት። አጥቂዎች በእውን እየተጠቀሙበት ነው? ሲሳ የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ጥቃት እንደተፈጸመባቸው የተረጋገጡ ክፍተቶችን ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2021 ጀምሮ በነፃ ያወጣል፤ ከዚያ ጋር ያመሳክሩ። መሣሪያው ከኢንተርኔት በቀጥታ ይታያል? ከወሳኞቹ ሥራዎች አንዱን ይነካል? ለሦስቱም መልሱ «አዎ» ከሆነ ከሦስት ቀን በላይ ጊዜ አይስጡት። ሁለቱን ያሟላ በ14 ቀን፣ ሌላው ከወርሃዊው አፕዴት ጋር ይዘጋ። ፈታሹ የሰጠው የከባድነት ነጥብ ከ10 ላይ 9.8 ስለሆነ ብቻ ሰው ከእንቅልፍ አይቀስቀስ፤ ነጥቡ ስለ ክፍተቱ እንጂ ስለ እናንተ ድርጅት የሚያውቀው ነገር የለም።

ከዚያ እያንዳንዱ ሲስተም ባለቤት ይኑረው፤ በሰው ስም። «አይቲ» ተብሎ የተጻፈበት ቦታ ባለቤት የለውም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኩፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ኩባንያ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ የተሰረቀው ስለ ክፍተቱ ሳይሰማ ቀርቶ እንዳይመስልዎ። «ቶሎ ዝጉ» የሚለው መልእክት በኢሜይል ተላልፎ ነበር፤ የተቀባዮቹ ዝርዝር ግን ያልታደሰ በመሆኑ መዝጋት የነበረባቸው ሰዎች አልደረሳቸውም። የእርስዎ ሳምንታዊ ኢሜይል ማን ማን ዘንድ እንደሚደርስ ዛሬ ከፍተው ይዩት፤ ከለቀቁ ሰዎች ሁለት ሦስቱን ሳያገኙ አይቀሩም።

አሁን ወረቀቱ። የአደጋ መዝገብ ብዙ ድርጅት አለው፤ ውስጡ ግን «ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም)፣ ዕድሉ ከፍተኛ፣ ጉዳቱ ከፍተኛ፣ ቀይ» ይላል። ይህን አንብቦ ገንዘብ የሚያወጣ ኃላፊ የለም። ይልቅ እንዲህ ይጻፉት፦

«የጭነት ማሰማሪያ ሲስተሙ በራንሰምዌር ቢቆለፍ ለመመለስ ቢያንስ 18 ሰዓት ይፈጃል። የሥምሪት ክፍል መታገሥ የሚችለው አራት ሰዓት ነው። ምክንያቱ፦ ባክአፑ በዚያው ዶሜይን ውስጥ ነው፤ መስመሩ ጠባብ ነው፤ ቁልፉ በወረቀት አልተቀመጠም። አማራጭ ሀ፦ የተለየ የባክአፕ ሰርቨርና የ10 ጊጋቢት መስመር፤ ወጪው ይህን ያህል፣ ጊዜው ስድስት ሳምንት። አማራጭ ለ፦ ሥራውን ለአንድ ቀን በወረቀት ማስኬድ፤ ወጪው አነስተኛ ነው፣ ቅጽ ማሳተምና በዓመት ሁለት ጊዜ መለማመድ ግን ይጠይቃል። አማራጭ ሐ፦ አደጋውን እንዳለ መቀበል። የወሰነው፦ የሥምሪት ኃላፊ። ፊርማ፤ ቀን፤ እንደገና የሚታይበት ቀን።»

ከሥር የሚፈርሙት እርስዎ አይደሉም። አንዳንዱ ኃላፊ ሐን መርጦ ይፈርማል፤ ይፈርም፣ መብቱ ነው። ብዙዎቹ ግን እስክሪብቶውን ካነሡ በኋላ ቆም ብለው «ሀ ስንት ነበር ያልከው?» ይላሉ። «ይህን ክፍተት ብዘጋ ፕሮግራሙ ይቆማል» የሚልም ይኖራል፤ እውነቱን ሊሆን ስለሚችል ቅጹን በዚሁ መልክ ያስፈርሙትና ፈቃዱ በ90 ቀን የሚያበቃ ያድርጉት። የማብቂያ ቀን የሌለው ልዩ ፈቃድ ከሦስት ዓመት በኋላም እዚያው ያገኙታል። ለመጀመሪያው ዓመት ከ15 እስከ 20 እንዲህ ያሉ መስመሮች ይበቃሉ።

ቦርዱን ሳይጠብቁ የሚጀምሩት ሥራም አለ። ከሰው ኃይል ክፍል የደሞዝ መዝገቡን የስም ዝርዝር ይውሰዱና ከአካውንቶቹ ጋር ያመሳክሩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የለቀቁ ሠራተኞች፣ ውላቸው ያለቀ አቅራቢዎች፣ «ሙከራ» የሚል ስም የተሰጣቸው አካውንቶች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 የአሜሪካውን የነዳጅ ቧንቧ ኩባንያ ኮሎኒያል ፓይፕላይንን የደፈሩት ሰዎች የገቡት ማንም በማይጠቀምበት የቪፒኤን (ከውጭ ሆኖ ወደ ድርጅቱ ኔትወርክ መግቢያ) አካውንት ነው፤ ከፓስወርድ ሌላ የሚጠይቀው ማረጋገጫ አልነበረም። ኩባንያው 75 ቢትኮይን ከፈለ፤ በወቅቱ ምንዛሪ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል። ስለዚህ ሁለተኛ ማረጋገጫ ለኢሜይል፣ ለቪፒኤንና ለአድሚን ሁሉ ይብራ። ከዋና ሥራ አስኪያጁ ይጀምሩ፤ እሳቸው ከገቡበት በኋላ «እኔን ዝለለኝ» የሚል አይኖርም። ዓይነቱም ይለያያል። ስልክ ላይ «ፍቀድ» የሚል ብቻ የሚያመጣው ዓይነት፣ ጥያቄው ሲደጋገም ሰው ተሰላችቶ ይጫነዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታክሲ አገልግሎት ኩባንያው ኡበር የተደፈረው በዚህ መንገድ ነው። ቢያንስ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር የሚያስገባውን ያድርጉት። ለአድሚኖች የፊዶ ቁልፍ (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ የማረጋገጫ መሣሪያ) ይግዙ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት፤ አንዱ መጠባበቂያ ነው። አድሚኖቹ ኢሜይል የሚያነቡበት አካውንትና ሰርቨር የሚያስተዳድሩበት አካውንት ለየብቻ ይሁን።

በየ90 ቀኑ ፓስወርድ ቀይሩ የሚለው ደንብ ካለ ያንሡት። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ ተሰርቋል የሚያሰኝ ምልክት ከሌለ በቀጠሮ ማስቀየር እንዲቀር መክሯል። ሠራተኛው መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 ከመቀየር በቀር የሚያደርገው የለም። ረጅም ይሁን፣ ቀድሞ ከተሰረቁት ዝርዝር ውስጥ አይሁን፣ በቂ ነው። የሚጠላ ደንብ ሲነሣ ክፍልዎም ጥቂት ወዳጅ ያገኛል።

ማዕቀፍ የትኛውን ልያዝ ብለው ሳያስቡ አይቀሩም። ለሦስት ሰው የሲአይኤስ (የኢንተርኔት ደኅንነት ማዕከል የተባለው ተቋም) መቆጣጠሪያዎች የመጀመሪያ ደረጃ ይበቃል፤ 56 ነጥብ ነው፣ አብዛኛው ባላችሁ መሣሪያ የሚሠራ። ለቦርድ ቋንቋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የወጣውን የኒስት ማዕቀፍ ሁለተኛ እትም ይጠቀሙ፤ ከቀድሞዎቹ አምስት ተግባራት ላይ አስተዳደርን ስድስተኛ አድርጎ የጨመረው አደጋውን የሚወስነው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ለማስመለስ ነው። አይኤስኦ 27001 የተባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ደኅንነት ደረጃ ደንበኛ ካልጠየቃችሁ በዚህ ዓመት አያስፈልግም።

ጥቃት ሲደርስ የሚሠራበት ሰነድ 40 ገጽ ከሆነ ማንም አይከፍተውም። አንድ ገጽ ይሁን፣ በወረቀት ታትሞ በየኃላፊው ቤት ይቀመጥ፤ ኢሜይሉና የስልክ ማውጫው የተቆለፈ ቀን የሚያስፈልገው እሱ ነውና። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ይጻፍበት፦ ሌሊት ኔትወርኩን ለመንቀል ማንንም ሳይጠይቅ መወሰን የሚችለው ማን ነው? እሱ ስልክ ካላነሣስ? ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ ሁለት ሦስት ሰዓት ሰው በመፈለግ ያልቃል፤ ራንሰምዌር ደግሞ በዚያ ጊዜ ሥራውን ይጨርሳል።

ቦርዱ ጋ የሚይዙት አንድ ገጽ ነው። «በዚህ ወር 2 ሚሊዮን ጥቃት መከትን» የሚል ቁጥር አያስገቡ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጥሩ ይሁን መጥፎ እርስዎም አያውቁትም። ይልቅ ከወሳኞቹ ሥራዎች ስንቱ በእውን ተሞክሮ በሚፈለገው ሰዓት እንደተነሣ፣ ሦስቱን ጥያቄ ያለፉ ክፍተቶች በአማካይ በስንት ቀን እንደተዘጉና ያልተዘጋው አንጋፋው ስንት ቀን እንደሆነው፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሌላቸው አካውንቶች ስንት እንደቀሩ፣ ጊዜያቸው ያለፈ ልዩ ፈቃዶች ስንት እንደሆኑ ያሳዩ። ከዚያ ከተፈረሙት መስመሮች ከባዶቹን ሦስት አምጥተው አማራጮቹን ከነዋጋቸው ያስቀምጡና ውሳኔ ይጠይቁ። «ለመረጃ ያህል» ብሎ መቅረብ የለም። ከመግባትዎ በፊት ገጹን ለእያንዳንዱ የክፍል ኃላፊ ያሳዩ፤ ስለ ክፍሉ መጥፎ ዜና ቦርድ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ጠላት ይሆንብዎታል።

በአይቲ ዳይሬክተሩ ሥር መሆንዎ የጥቅም ግጭት አለበት፤ ሲስተም ቶሎ ሥራ የሚያስጀምረውና «ቆይ» የሚለው ለአንድ ሰው ይጠራሉ። ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት በመዋቅር ጉዳይ አይጣሉ። ሁለት ነገር ብቻ በጽሑፍ ያስፈቅዱ፦ በየሦስት ወሩ ሪፖርትዎ ሳይነካ ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ እንዲደርስ፣ የአይቲ ክፍል የራሱን ልዩ ፈቃድ ራሱ እንዳያጸድቅ።

የፋይናንስ ኃላፊዋን በተመለከተ ነገ ጠዋት ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ። ስም ያለበትን ሪፖርት ያጥፉት፤ ከእንግዲህም የነካ ሰው ስም ከእናንተ ክፍል አይውጣ። ሙከራው የሚለካው በነኩት ቁጥር ከሆነ ሠራተኛው የሚማረው መደበቅን ነው። ስንት ሰው ሪፖርት አደረገ፣ የመጀመሪያውስ ሪፖርት በስንት ደቂቃ ደረሰ የሚለውን ይለኩ። አንድ ሰው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከነገራችሁ ኢሜይሉን ከ400 ሳጥን ውስጥ ማውጣት ትችላላችሁ። የደሞዝ ጭማሪና የጉርሻ ማጥመጃ አይጠቀሙ፤ ሰው አይረሳውም።

ከዚያ እርዳታቸውን ይጠይቁ። የ90 ደቂቃ የጠረጴዛ ልምምድ (ጥቃት ደረሰ ብሎ በውይይት ብቻ የሚደረግ ልምምድ) ያዘጋጁና ጉዳዩን እሳቸው ይምረጡ፤ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን ወደዚህ ላኩ» የሚል የአቅራቢ ኢሜይል ቢሆን እናንተም እሳቸውም የምትጠቀሙበት ነው። ከልምምዱ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው፦ የሒሳብ ለውጥ ሲመጣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በውሉ መዝገብ ላይ ባለው ስልክ ይደወላል፤ የደወለውና ክፍያውን የሚያጸድቀው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሆናሉ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ «አስቸኳይ ነው» ብለው ቢጽፉም አይዘለልም። ደንቡን የፋይናንስ ክፍሉ በራሱ ስም ያውጣው፤ በመጀመሪያው የቦርድ ገጽ ላይም ከተፈረሙት መስመሮች አንዱ ሆኖ የእሳቸው ፊርማ ያርፍበት።